ሮኬት ሲነሳ የት እንቁም?

ኬፕ ካናቬራልን ብዙ ሰው አንድ ማስወንጨፊያ ያለበት ቦታ አድርጎ ያስበዋል። በፍሎሪዳ ምሥራቅ ዳርቻ ግን ማስወንጨፊያዎቹ ብዙ ናቸው፤ በሰሜን በኩል የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል 39ቢ እና 39ኤ፣ ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል ደግሞ 41 እና 40 ይገኛሉ። ሮኬት ለማየት የሚጓዝ ሰው ሆቴል ከመያዙ በፊት «ከየትኛው ነው የሚነሳው?» ብሎ ይጠይቅ።

ከ39ኤ ወይም ከ39ቢ ከሆነ እኔ የምመርጠው ታይተስቪልን ነው። ከተማዋ ከማስወንጨፊያዎቹ በስተምዕራብ፣ ከኢንዲያን ሪቨር ማዶ፣ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በወንዙ ዳር ያለው ስፔስ ቪው ፓርክ የሜርኩሪ፣ የጀሚኒና የአፖሎ የጠፈር ጉዞዎች መታሰቢያዎች የቆሙበት ነው። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ጥቂት ዛፍ እንኳ የሮኬቱን እግር ይጋርዳል፤ ተመልካቹ ወደ ማክስ ብሩወር ድልድይ የሚጎርፈውም ለዚህ ነው። ጠዋት ከሆነ ፀሐይዋ ፊት ለፊት እንደምትመጣ አይርሱ። ከ40 ወይም ከ41 ለሚነሳ ግን በስተደቡብ፣ በፖርት ካናቬራል ወደብ አጠገብ ያለው ጄቲ ፓርክ ይሻላል።

የሮኬቱን እግር ማየት ለምን አስፈለገ? ትልቅ ሮኬት መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ ስለሚነሳ ነው። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 የማስወንጨፊያውን ማማ ጫፍ ለማለፍ ብቻ አሥር ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። እነዚያ ሰከንዶች ለእኔ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ከዛፍ በላይ ብቻ የሚያይ ሰው እሳቱ ሲለኮስና ጭሱ ሲንከባለል ያመልጠዋል። ድምፁ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ታይተስቪል የቆመ ሰው ብርሃኑን ካየ በኋላ ነጎድጓዱን ለመስማት አንድ ደቂቃ ገደማ ይጠብቃል። የበለጠ መቅረብ ለሚፈልግ በአንዳንድ በረራዎች ትኬት ይሸጣል፤ የአፖሎ ሳተርን 5 ማዕከል ከ39ኤ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው።

ሰዓት መምረጥ ከተቻለ ጎህ ሊቀድ ሲል ወይም ፀሐይ እንደጠለቀች ያለው ጊዜ ወደር የለውም። ምድሩ ጨልሞ ሳለ ሮኬቱ ፀሐይ ወደሚያገኝበት ከፍታ ሲደርስ፣ የሚተፋው ጋዝ ተዘርግቶ ሰማዩን ያበራዋል።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ወደ ጨረቃ የተላከው አርቴሚስ 1 ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊነሳ ተሰናድቶ ቀረ፤ ነሐሴ 28 ደግሞ ሃይድሮጅን አፈሰሰ። አውሎ ነፋሶችም ተጨምረውበት በመጨረሻ የተነሳው ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአካባቢው አቆጣጠር ከሌሊቱ 7፡47 ላይ ነው። በአንድ ቀን ፈቃድ ብቻ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሳያይ ሊመለስ ይችላል።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ሐበሾች ቅርብ አማራጭ አለ። ከቨርጂኒያው ዋሎፕስ ደሴት በሌሊት የሚነሱ ትልልቅ ሮኬቶች ሰማዩ ከጠራ ከዲሲም ይታያሉ። ድምፅ አይጠብቁ፤ ከፍ ካለ ቦታ ሆነው በደቡብ ምሥራቅ በኩል አድማሱን ይመልከቱ።