ፊልም በጥቂት ገንዘብ ስለ መሥራትና ለተመልካች ስለ ማድረስ

ብራና በሚጻፍበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ መጽሐፍ ተፈጸመ የሚባለው ጸሐፊው ብዕሩን ባስቀመጠበት ቀን አይደለም። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ መስመሩ ተሰምሮ፣ ፊደሉ ተጽፎ፣ ጥራዙም ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ገና አንድ ሥራ ይቀራል፤ ይኸውም መጽሐፉ ከሚነበብበት ከአትሮንሱ ላይ መድረሱ ነው። በሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠ መጽሐፍ፣ ምንም እንኳ ሐረጉ ያማረ ቢሆን፣ ላልሰማው ሕዝብ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው የፊልም ሥራም በዚሁ ሕግ የሚተዳደር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ሥዕል የሚታይበትን አዳራሽ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ያ ዘመን አልፎ፣ ዛሬ ተማሪው ሁሉ በኪሱ በያዘው ስልክ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያነሣል። በ2015 የወጣው «ታንጀሪን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በእጅ ስልክ ተነሥቶ በየሲኒማ ቤቱ ታይቷል። ስለዚህ መሣሪያ አጣሁ ማለት የቀድሞውን ያህል ምክንያት ሊሆን አይችልም። የሚያሳስበው ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም በጥቂት ገንዘብና በብዙ ድካም የተሠራው ፊልም ተመልካቹን ሳያገኝ በመደርደሪያ ላይ መቅረቱ ነው።

ስለ መሥራቱ አስቀድመን እንናገር። በቴክሳስ የሚኖሩት ሮበርት ሮድሪገስ በ1992 የወጣውን «ኤል ማሪያቺ» የተባለውን ፊልማቸውን ያነሡት 7,000 ዶላር ያህል ብቻ ይዘው ነው። ከዚህም ከፊሉን ያገኙት፣ መድኃኒት በሚመረመርበት ቤት ገብተው በገዛ ሰውነታቸው ላይ አዲስ መድኃኒት እንዲፈተን በመፍቀዳቸው ነበር። ታሪኩን ከመጻፋቸው በፊት በእጃቸው ያለውን ቈጠሩ፤ የጊታር ሣጥን፣ ኤሊ፣ ውሻ፣ ወዳጅ የሚገኝባት ትንሽ የሜክሲኮ ከተማ፤ ከዚያም በኋላ ታሪኩን በነዚህ ላይ ሠሩት። ብዙ ሰዎች ግን የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በመጀመሪያ ታሪኩን እንደ ልባቸው ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሌላቸውን ነገር ፍለጋ ሲዞሩ ዘመናቸው ያልፋል።

ይሁን እንጂ ስለዚህ ፊልም የሚነገረው የ7,000 ዶላር ዜና ሙሉ አይደለም። ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ ፊልሙን ከገዛ በኋላ ድምፁን ለማስተካከልና ለሲኒማ ቤት የሚስማማ ቅጂ ለማዘጋጀት ያወጣው ገንዘብ፣ ፊልሙን ለማንሣት ከወጣው እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ ፊልም ከማንሣቱ ይልቅ ለተመልካች የሚበቃ አድርጎ ማቅረቡ የበለጠ ወጪ እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

ገንዘብ ያጠረው ሰው በምትኩ ትዕግሥት መያዝ እንዳለበት ደግሞ የሕንዱ ሳትያጂት ራይ አሳይተዋል። «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን ፊልማቸውን በ1952 ማንሣት በጀመሩ ጊዜ በማስታወቂያ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ስለ ነበር፣ ለፊልሙ የሚሆን ጊዜ የሚያገኙት በዕረፍት ቀናቸው ነበር። በአንድ እሑድ ነጭ አበባ በሞላበት ሜዳ ላይ ሥራቸውን ጀምረው በሳምንቱ ቢመለሱ፣ አበባውን ከብት ግጦ ጨርሶት አገኙ። ስለዚህ አበባው እስኪመለስ እስከ ዓመቱ ጠበቁ። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜም የሕይወት መድን ውላቸውንና የባለቤታቸውን ጌጥ እስከ ማስያዝ ደረሱ። በመጨረሻ ሥራው እንዲፈጸም የረዳው የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ነው። የፊልሙ ስም «የትንሹ መንገድ ዜማ» እንደ ማለት ስለ ሆነ፣ ገንዘቡ ለመንገድ ማሻሻያ ተብሎ በመዝገብ ተጻፈ። ሹማምንቱ ለፊልም የተለየ ሣጥን ባይኖራቸውም፣ ካላቸው ሣጥን አንዱን ከፈቱ። ፊልሙ በ1955 ለሕዝብ ታይቶ፣ በማግሥቱ ዓመት በካን ከተማ ሽልማት አገኘ፤ የሀገሩም ስም በዓለም ሲኒማ ታሪክ በክብር ተጻፈ።

አሁን ወደ ራሳችን ሀገር ልጅ ወደ ኃይሌ ገሪማ እንመለስ። በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ የቴአትር ደራሲ ነበሩ፤ ድርሰታቸውንም ይዘው በየገጠሩ እየተዘዋወሩ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። አባትዮው ሕዝቡ ወደ ከተማው ቴአትር ቤት እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ቴአትሩን ተሸክመው ወደ ሕዝቡ ሄዱ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ልጅየው በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በመጨረሻ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ተማሩ። በዚያ ትምህርት ቤት የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የእኛ ገበሬ ወንፈል የሚለውን ሥራ ያውቁ ነበር። ዛሬ ለአንዱ ካሜራ የያዘ፣ ነገ ሌላው ለእርሱ ድምፅ ይቀዳለታል። ኃይሌ ገሪማ «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልም በሠሩ ጊዜ ካሜራ ከያዙላቸው ሰዎች አንዱ ቻርልስ በርኔት ነበሩ። በ1974 ደግሞ ወደ ሀገራቸው መጥተው፣ የባላባትንና የጭሰኛን ኑሮ የሚያሳየውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በነጭና ጥቁር፣ በርካሹ ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች አነሡ። በጥቂት ሳምንታት የተነሣው ያ ፊልም እነሆ ከአምሳ ዓመት በኋላም ይታያል፣ ይጠናል።

ከባዱ ፈተና የመጣው ግን በማከፋፈሉ ላይ ነው። ይህን ለመረዳት የገበያውን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ተለመደው አሠራር ፊልም ሠሪው ሥራውን ለአከፋፋይ ኩባንያ ይሰጣል፤ አከፋፋዩም ከሲኒማ ቤት ጋር ይዋዋላል። ከመግቢያው ገንዘብ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሣል፤ ከቀረው አከፋፋዩ ዋጋውን፣ የማስታወቂያና የቅጂ ወጪውን ይቀንሳል፤ ፊልም ሠሪው የሚያገኘው በመጨረሻ የተረፈ እንደ ሆነ ነው። ዐርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ በመጨረሻ ከአውድማው ጥራጊ እንደሚደርሰው ጭሰኛ ማለት ነው። ከዚህም የሚብሰው አከፋፋዩ «ይህ ፊልም ገዢ የለውም» ብሎ በሩን የዘጋ ጊዜ ነው።

ኃይሌ ገሪማ የባሪያ ንግድን ታሪክ የሚናገረውን «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም ለመሥራት ገንዘብ በመለመን ብዙ ዓመት ደከሙ። ሳንኮፋ በጋና በአካን ሕዝብ ቋንቋ «ተመልሰህ የተውኸውን አንሣ» ማለት ነው። ፊልሙ በ1993 በበርሊን የፊልም በዓል ለውድድር ቀረበ፤ ነገር ግን በአሜሪካ የሚቀበለው አከፋፋይ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና የአባታቸውን መንገድ ያዙ። በዋሽንግተን ከተማ ሲኒማ ቤት በቁርጥ ኪራይ ተከራዩ፤ በዚህ ውል መሠረት ለአዳራሹ ባለቤት የተቆረጠው ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የመግቢያው ገንዘብ ሁሉ የተከራዩ ነው። ኪሳራውም እንዲሁ የተከራዩ ስለ ሆነ ድፍረት የሚጠይቅ ውል ነው። ሕዝቡ አንዱ ለአንዱ እየነገረ መጣ፤ ፊልሙም ለ11 ሳምንት ታየ። ከዚያም በሌሎች ከተሞች ያሉ የጥቁር ሕዝብ ማኅበሮች እየጠሯቸው፣ አዳራሽ እየተከራዩ፣ ወረቀት እያደሉ ፊልሙን ከሠላሳ በሚበልጡ ከተሞች አሳዩ። ከገቢውም በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የመጽሐፍና የፊልም መሸጫ ቤት ለማቆም በቁ። በ2021 ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ አማካይነት ለዓለም ቀረበ፤ ገዢ የለውም የተባለው ሥራ ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ በዓለም ገበያ ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

ይህ መንገድ ግን ብቸኛው አይደለም። በናይጄሪያ በ1992 ኬኔት ንኔቡዌ የተባሉት ነጋዴ «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የተባለውን በኢግቦ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ሲኒማ ቤት ሳይፈልጉ በቪዲዮ ካሴት ገልብጠው በገበያ ሸጡ። ሕዝቡ በየቤቱ የካሴት ማጫወቻ እንዳለው አውቀዋልና። ዛሬ ናይጄሪያ ብዙ ፊልም ከሚያወጡት ሀገሮች አንዷ የሆነችው በዚያ በገበያ መደብ በኩል ነው። የካሴቱ ዘመን አልፏል፤ ምክሩ ግን አላለፈም፤ ተመልካችህ በየት በኩል እንደሚያይ ሳታውቅ አትሥራ።

ከላይ የጠቀስናቸው የቻርልስ በርኔት ታሪክ ደግሞ ለጥንቃቄ ይጠቅማል። በሎስ አንጀለስ የዋትስ ሰፈር በዕረፍት ቀን እየተነሣ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ የተሠራው «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለው ፊልማቸው በ1977 ለትምህርታቸው መመረቂያ ቀረበ። በውስጡ የተሰማው ሙዚቃ ግን የባለመብቶቹ ፈቃድ አልነበረውም። በ1990 የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲኖሩ ከመረጣቸው ፊልሞች አንዱ አድርጎ በመዝገብ አገባው፤ ቢሆንም በሲኒማ ቤት በሚገባ የታየው የሙዚቃው መብት 150,000 ዶላር ያህል ተከፍሎበት በ2007 ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ ወረቀት ጉድለት ተዘግቶ መቅረት ምን ያህል ጉዳት እንደ ሆነ አስተዋይ ይመዝነው።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምናገኘው ትምህርት እንዲህ ነው። 1ኛ፤ ፊልም ሠሪው ታሪኩን ካለው ንብረት ላይ ይሥራው፤ ገንዘቡንም በመነሣቱ ሥራ ላይ አይጨርሰው፤ ለድምፁ፣ ለቅጂውና ለማስታወቂያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለይቶ ያስቀምጥ። 2ኛ፤ የሙዚቃውን፣ የድርሰቱንና የተዋንያኑን ውል በጽሑፍ ይያዝ፤ በወዳጅነት የተጀመረ ሥራ ያለ ውል በክርክር ያልቃልና። 3ኛ፤ አከፋፋይ ቢያጣ ሥራው ሞተ ብሎ አያልቅስ፤ አዳራሽ ያለው ትምህርት ቤት፣ ማኅበርና ቀበሌ ሁሉ ሲኒማ ቤት ሊሆን ይችላል።

ለሹማምንትም አንድ ቃል አለን። በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ሰው ከመንግሥት የሚፈልገው ሁልጊዜ ወርቅ አይደለም። በመንገድ ላይ ለማንሣት በአንድ ቀን የሚያልቅ ፈቃድ፣ በማታ ባዶውን የሚያድር አዳራሽ በመጠነኛ ኪራይ፣ ለተሰረቀበት ሥራ ፈጥኖ የሚፈርድ ዳኛ፣ ይህ ይበቃዋል። ፈቃዱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሚያልፈው ሳምንት ለሀብታሙ ኩባንያ ምንም አይደለም፤ የተዋሰውን ካሜራ ለሚመልሰው ለድሀው ግን የሥራው ሞት ነው። የምዕራብ ቤንጋል ሹማምንት ለመንገድ ከተመደበው ገንዘብ ከፍለው ከሰጡ፣ እኛ ቁልፉ በእጃችን ያለውን አዳራሽ መክፈት አያቅተንም።

ለሊቃውንትም እንዲሁ። አባቶቻችን በየገዳሙ ብራና ዳምጠው ባይጽፉልን ኖሮ ያለፈውን የሚነግረን የባዕድ ብዕር ብቻ በሆነ ነበር። ዛሬም የገዛ ሥዕሉን የማያነሣ ሕዝብ መልኩን በሌላ ሰው መስታወት ለማየት ይገደዳል፤ መስታወቱም የባለቤቱን ፈቃድ ይከተላል። ትላንት ሰይጣን ቤት ያልነው አዳራሽ፣ ልጆቻችን እውነት የሚናገሩበት እንደ ሆነ፣ የታሪክ ቤት ነው።

አባ ገሪማ ቴአትሩን ተሸክመው ወደ ገጠር ወጡ፤ ልጃቸው ፊልሙን ተሸክመው ከከተማ ከተማ ዞሩ። ሁለቱም ሕዝቡ እስኪመጣ አልጠበቁም። በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ፊልም የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ተሠርቶ ሳለ ከሕዝቡ ዓይን ተሰውሮ መቅረቱ ነው። መጽሐፉ ተጽፏል፤ አትሮንሱን እናቅርብ።