በባትሪ ላይ የሚጻፈው ቁጥርና ትርጓሜው

ባትሪ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው በጎኑ የታተመውን ቁጥር በቁና እንደ ተሰፈረ እህል ቈጥሮ፣ መቶ ከተባለ መቶ አገኛለሁ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ቁጥሩ ንባብ ብቻ ነውና፣ ትርጓሜውን ያልጠየቀ ገዢ አንድም ቅን ነጋዴን ያለ በደሉ ይከሳል፣ አንድም በአታላይ እጅ ይወድቃል።

በገጠር ቤቶች ከሶላር ጋር የሚገጠመውን፣ «12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት» የሚል ጽሕፈት ያለበትን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ እንመልከት። አምፔር ሰዓት ማለት የኮረንቲው ፍሰት በፈሰሰበት ሰዓት ተባዝቶ የሚገኘው ልክ ሲሆን፣ ፋብሪካዎች ይህን ዓይነቱን ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት 5 አምፔር ሳያቋርጥ እየሰጠ 20 ሰዓት እንዲቈይ አድርገው ነው። ያው ባትሪ በአንድ ጊዜ 100 አምፔር ቢጠየቅ ግን አንድ ሰዓት መሙላት አይሆንለትም፤ አሲዱ በእርሳሱ ሰሌዳ ቀዳዳዎች ሰርጎ ለመድረስ ጊዜ ይሻልና፣ ጥድፊያው በበዛ መጠን በውስጥ ያለው ኃይል ሳይነካ ይቀራል። ይህንንም ጀርመናዊው ሊቅ ፖይከርት እ.ኤ.አ. በ1897 በቀመር ገልጾታል።

ቮልቱና አምፔር ሰዓቱ ሲባዙ 1200 ዋት ሰዓት ይሆናሉ፤ በዚህ ሒሳብ 10 ዋት የሚበላ አምፖል 120 ሰዓት ሊበራ በተገባው ነበር፤ ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ዘወትር ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራልና፣ አስተዋይ ባለቤት 60 ሰዓቱን ተጠቅሞ የቀረውን እንደ ዘር እህል ሳይነካ ይተወዋል።

በፓወር ባንክ ላይ ያለው «20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት» ደግሞ የሚለካው በውስጡ ባለው የሊቲየም ሕዋስ በ3.7 ቮልት ነው፤ ይህም 74 ዋት ሰዓት ነው። በኬብሉ የሚወጣው 5 ቮልት በመሆኑ ቁጥሩ ወደ 14,800 ይወርዳል፤ ከዚያም ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክን አለ። ስለዚህ 5,000 የሚይዝ ስልኩን አራት ጊዜ እሞላበታለሁ ብሎ የገዛ ሰው ሦስት ጊዜ ያህል ቢሞላ ተታለልሁ አይበል። በእኔ አስተያየት የታመነው መስፈሪያ ዋት ሰዓት ነው፤ አየር መንገዶችም መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣው የሚይዘውን ባትሪ በ100 ዋት ሰዓት የወሰኑት በዚሁ ልክ ነው።

ባትሪ በዘመን ብዛት ያረጃል፤ በመሙላትና በመጉደልም ያረጃል። በብዙ የእጅ ስልኮች የሚገኘው ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ከጐደለ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ግማሹን ሁለት ጊዜ መጠቀም እንደ አንድ ይቈጠራል። ከሁሉ የከፋው ጠላቱ ሙቀት ነው። የእርሳስ ባትሪ ባለሙያዎች ግምት፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀነሳል የሚል ነውና፣ በአፋር ቆላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ባትሪ በደጋ ካለው አምሳያው ቀድሞ ቢሞት የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት «ይህ ቁጥር በስንት ሰዓት የተለካ ነው? ዋት ሰዓቱስ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ ገዝተህም ጥላና ነፋስ ባለበት ስፍራ አኑረው።