የድመት ሽንት በምንጣፍና በሶፋ ላይ የሚተወው እድፍና ሽታ የሚወገድበት መንገድ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች እንዲሁም በአካባቢው ባሉት የገጠር ገበያዎች እህልና በርበሬ የሚነግድ ሰው ድመት ማኖሩ የተለመደ ነው። በቆሎ በተከማቸበት መጋዘን አይጥ አይታጣም፤ አይጥ ባለበትም ጆንያ ይቀደዳል፣ እህል ይበላል፣ የተረፈውም በሽንትና በኩስ ይበላሻል። መርዝ መበተን ለእህሉም ለሰውም የሚያሰጋ ስለሆነ፣ ነጋዴው ከድመት የተሻለ ዘበኛ አላገኘም። ይሁን እንጂ ሱቁ፣ መጋዘኑና መኖሪያ ቤቱ በአንድ ግቢ በሆኑበት ዘንድ፣ ድመቲቱ ከመጋዘኑ ወደ እንግዳ መቀበያው ክፍል ትዘልቃለች፤ አንዳንድ ጊዜም በምንጣፉ ወይም በሶፋው ላይ ትሸናለች።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ጭነት ሊገዛ የመጣ ደንበኛ የሚቀመጠው በዚያው ሶፋ ላይ ነው። ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት አፍንጫው ስለ ቤቱ ይነግረዋል፤ «ሳሎኑ እንዲህ ከሸተተ እህሉስ እንዴት ተጠብቆ ይሆን?» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ የዚህን ሽታ መነሻና ማስወገጃ ማወቅ ለቤት እመቤቶች ብቻ የተተወ ጉዳይ ሳይሆን፣ የነጋዴውን ስምና ንብረት የሚነካ ነው።

የሽታው መነሻ

ትኩስ ሽንት ይህን ያህል አይሸትም። በውስጡ ከውሃው ሌላ ዋናው ነገር ዩሪያ ነው። ዩሪያ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ገበሬው በየዓመቱ ለበቆሎው የሚገዛው፣ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ያለበት ነጭ ማዳበሪያ በፋብሪካ የተሠራው ይኸው ዩሪያ ነው። ገበሬው ዩሪያውን በእርጥብ መሬት ላይ በትኖ በአፈር ሳያለብሰው ቢቀር፣ ከፊሉ ወደ አሞኒያ ተለውጦ በአየር ይጠፋበታል። በምንጣፍ ላይ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን የሽንቱን ዩሪያ አፍርሰው ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ያ ዐይን የሚያስለቅሰው ሽታ የዚሁ የአሞኒያ ሽታ ነው።

የድመት ሽንት ከሌላው እንስሳ ሽንት የሚከፋበት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። በድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ይህም ቀስ በቀስ ሲፈርስ ኀይለኛ ሽታ ያላቸውን ተናኞች ይሰጣል። ባልተኮላሸ ወንድ ድመት ሽንት ውስጥ ከሴቲቱ ይልቅ በብዛት ይገኛል። ሽታው ከቀን ወደ ቀን እየባሰ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሽንቱ ሲደርቅ ጨዋማው ዝቃጭ በክሩ ውስጥ ይቀራል። በበጋ ተረስቶ የነበረ እድፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወራት ተመልሶ ይሸታል፤ የአየሩ እርጥበት ደርቆ የነበረውን ዝቃጭ እንደገና ስለሚያረጥበው ነው። «በክረምት ሽታ ተነሣብን» የሚሉ ሰዎች አዲስ ሽንት ሲፈልጉ የሚደክሙት አሮጌው እንደሆነ ባለማወቅ ነው።

አሞኒያ ቀለምንም ይነካል። የጥንት ሮማውያን ልብስ አጣቢዎች የሰነበተ ሽንትን ሱፍ ለማንጻት ይጠቀሙበት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቬስፓስያንም በዚሁ ሽንት ንግድ ላይ ቀረጥ ጥሎ እንደነበር በታሪክ ይታወቃል። ቅባትን ከሱፍ የሚያነሣ ነገር፣ ሳይፈለግ በስጋጃ ላይ ሲሰነብት ቀለሙንም ቢያነሣ አያስደንቅም። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ የቆየ ሽንት ሽታው ቢጠፋ እንኳ የቀለሙ ጉዳት ላይመለስ ይችላል።

ቦታውን ስለ መፈለግ

እድፉ የት እንዳለ ሳያውቁ ምንጣፉን በሙሉ ማጠብ ድካምም ኪሳራም ነው። ለዚህ የሚረዳው መሣሪያ በብዙ ሱቅ የገንዘብ መሳቢያ አጠገብ ይገኛል፤ እርሱም ሐሰተኛ የብር ኖት የሚለይበት ሐምራዊ መብራት ነው። ማታ ክፍሉን አጨልሞ መብራቱን ወደ ምንጣፉና ወደ ሶፋው እግር ቢያስጠጉት፣ የደረቀ ሽንት ደብዘዝ ያለ ቢጫማ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ የዱቄት ሳሙና ዝቃጭም በዚህ መብራት ስለሚያበራ፣ የታየውን ቦታ በአፍንጫ አረጋግጦ ዙሪያውን በጠመኔ ማስመር ይገባል።

ትኩስ ሽንት ሲሆን

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ሽንቱ ሳይደርቅ የተደረሰበት እንደሆነ ሥራው ግማሽ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

1ኛ፤ ንጹሕና ነጭ የጥጥ ጨርቅ ደራርቦ በእርጥቡ ላይ ማኖርና በእግር ወይም በክብደት መጫን ነው። ጨርቁ ሲርስ በሌላ ይለወጣል። ማሸት ግን ሽንቱን ወደ ውስጥ ስለሚያሰርገውና እድፉን ስለሚያሰፋው አይገባም።

2ኛ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂቱ እያፈሰሱ እንደገና በጨርቅ መምጠጥ፤ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም።

3ኛ፤ አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ በቦታው ላይ ማርከፍከፍና 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መምጠጥ። አቼቶ አሲድ ስለሆነ አሞኒያውን አክሽፎ ሽታውን ያበርደዋል።

4ኛ፤ ሲደርቅ የቤኪንግ ሶዳ ዱቄት ነስንሶ ማሳደርና በነጋታው በመጥረጊያ ማንሣት።

የሰነበተ እድፍ ሲሆን

የሰነበተ እድፍ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ዝቃጩን እየበላ የሚያፈርስ ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው። ይህ ሲገኝ ቦታውን በደንብ አርሶ፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ሸፍኖ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ብዙ ሰዎች ረጭተው ወዲያው ስለሚጠርጉት «አይሠራም» ይሉታል፤ ኢንዛይም ግን የሚሠራው ርጥበትና ጊዜ ሲያገኝ ነው። ፈሳሹም ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ሁሉ መድረስ አለበት፤ ምንጣፉ ከላይ የእጅ መዳፍ ያህል ቢረጥብ፣ ከሥሩ የሰፌድ ያህል ሰፍቶ ሊገኝ ይችላልና።

ይህ ማጽጃ ካልተገኘ ከፋርማሲ 3 ከመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝቶ፣ አንድ የቡና ሲኒ ተኩል ከጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር አዋሕዶ፣ ሶዳ በተነሰነሰበት ቦታ ላይ ማፍሰስና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት ይቻላል። አስቀድሞ አቼቶ ተደርጎበት ከሆነ በውሃ ታጥቦ መውጣት አለበት። ውሕዱም ተከድኖ አይቀመጥም፤ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ስለሚችል የተረፈው ይደፋል። ፐርኦክሳይድ ቀለም ሊያነጣ ስለሚችል፣ በማይታይ ጥግ ላይ ሳይሞከር ወደ መካከል አይኬድም።

የዕቃውን ዐይነት መለየትም ያሻል። በፋብሪካ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ምንጣፍ ከላይ የተነገረውን ሁሉ ይችላል። የበግ ጠጉር ስጋጃና ባና ግን ሶዳም ፐርኦክሳይድም ይጎዳቸዋል፤ ሥጋ ነክ ነገር የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ያሉባቸው የልብስ ማጠቢያ ዱቄቶችም ጠጉሩን ራሱን ይበሉታል። ለእነዚህ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጠን ያለ አቼቶና ለስላሳ ሳሙና ይበቃሉ። አጎዛና ቁርበት ሽንት ከነካቸው በርጥብ ጨርቅ ተጠርገው በጥላ ይደርቃሉ እንጂ በውሃ አይነከሩም።

የሶፋ ነገር

በሶፋ ዘንድ ሽታው የሚደበቀው በጨርቁ ሳይሆን በስፖንጁ ነው። ልባሱ በዚፕ የሚወልቅ ከሆነ አውልቆ ለብቻው ማጠብ፤ ስፖንጁን አቼቶ ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመቁ ማንጻትና በነፋስ ማድረቅ ይገባል። ውስጡ ሳይደርቅ ልባሱ ቢመለስበት ይሻግታል። ስለዚህ ትልቅ እጥበት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ደረቅ ወራት ቢሆን ይመረጣል። ስፖንጩ ለብዙ ጊዜ ሽንት የጠጣ ከሆነም በልኩ አዲስ ማስቆረጥ አዲስ ሶፋ ከመግዛት ይረክሳል።

ከምንጣፉ ሥር ያለውን ወለልም መመልከት ነው። ቀለም ያልተቀባ ሲሚንቶ ሽንት ይመጣል፤ ታጥቦና ደርቆ ቢቀባ ይሻላል። የአፈር ወለል ከሆነ የረጠበውን አፈር ፍቆ አውጥቶ፣ አዲስ አፈር ደልድሎ እንደገና መለቅለቅ ነው።

ፈጽሞ የማይደረግ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው በረኪና ነው። በረኪና ሽንት ባለበት ቦታ ሲፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ሳንባን የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝም የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። በሩ በተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይህን የምታደርግ ሠራተኛ ሕይወቷ ይሰጋል። የቤቱ ጌታና እመቤት ይህን ለሠራተኞቻቸው አስቀድመው ማስረዳት ግዴታቸው ነው።

የፈላ ውሃና ካውያም እድፉን በክሩ ላይ ስለሚያጸኑት አይጠቅሙም። እጣንና ወይራ ማጨስ እንግዳን ማክበሪያ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሽታውን ለአንድ ሰዓት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። የድመት አፍንጫ ከሰው አፍንጫ ስለሚበልጥ፣ እኛ እጣኑን ስናሸት እርስዋ ሽንቱን አሽትታ ወደዚያው ቦታ ትመለሳለች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሳት አመሏ ሳይሆን ያልጸዳው ቦታ ነው።

በመጋዘን ያለ ሸቀጥ

በርበሬና ዱቄት ሽታን ቶሎ ይወስዳሉ። ስለዚህ ጆንያ ሁሉ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይደረደር። ሽንት የነካው በርበሬ ቢደርቅ ወይም ከደኅናው ጋር ቢደባለቅ አይድንም፤ ጉዳቱ ወደ ጠቅላላው ጭነት ይተላለፋል እንጂ። የአንድ ጆንያ ኪሳራ ይታገሡታል፤ «የእገሌ በርበሬ ይሸታል» የሚል ወሬ በገበያ ከተነዛ ግን የብዙ ዓመት ደንበኛ ይሸሻል። የተነካውን ለይቶ ማስወገድ የሐቀኛ ነጋዴ ሥራ ነው።

ድመቲቱን በሚመለከት

ድመቲቱን መምታት ወይም ማባረር መፍትሔ አይሆንም። ስትመታ ተደብቃ ትሸናለች፤ ስትባረርም አይጡ ይመለሳል። ዝቅ ያለ ሣጥን ወይም አሮጌ ሳፋ አሸዋ ሞልቶ ጸጥ ባለ ጥግ ማኖርና በየዕለቱ ማጽዳት ነው፤ ድመት የቆሸሸ ቦታ ትጸየፋለች። እርጉዝ ሴት ግን ከኩሷ የሚተላለፍ በሽታ ስላለ ይህን ማጽዳት ለሌላ ሰው ትተው።

ወንዱ ድመት ጅራቱን አቁሞ በግድግዳና በሶፋ ጀርባ ላይ የሚረጨው ግዛቱን ለማመልከት ነው። ይህን ልማድ ማኮላሸት በአብዛኛው ያስቀረዋል፤ ሥራው ግን ለበሬ እንደሚደረገው በቤት የሚሞከር ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም የሚፈጽመው ነው። የተኮላሸ ድመትም አይጥ ማደኑን አይተውም። ንጹሕ የነበረች ድመት በድንገት በየቦታው መሽናት ከጀመረች ታምማ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ወንዱ እያማጠ ሽንት የማይወጣው ከሆነ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እንግዲህ አቼቶ፣ ሶዳ፣ ጥቂት የጥጥ ጨርቅና አንድ ሣጥን አሸዋ በማንኛውም ሱቅ አጠገብ የማይታጡ ነገሮች ናቸው። እነዚህን በአንድ ቦታ አዘጋጅቶ የሚያኖርና ለሠራተኞቹ አሠራሩን የሚያሳይ ነጋዴ፣ ምንጣፉንም ድመቱንም ደንበኛውንም ሳያጣ ይኖራል።