ዋንዛ፣ ሽቦና ልኬት፦ የኤሌክትሪክ ጊታርን በገዛ እጅ መሥራት

የኤሌክትሪክ ጊታር ከሌሎች የክር መሣሪያዎች የሚለየው የክሩን ንዝረት በባዶ ሣጥን ውስጥ ከማስተጋባት ይልቅ በማግኔትና በመዳብ ሽቦ አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ በድምፅ ማጉያ ስለሚያሰማ ነው። ይህ ልዩነት ለጀማሪ ሠሪ ትልቅ ትርጉም አለው። በክራር፣ በበገና ወይም በተለመደው የእንጨት ጊታር ላይ የድምፁ ውበት በገበቴው ቅርጽ፣ በቆዳው አወጣጠር ወይም በሳንቃው ውፍረት ስለሚወሰን ጥበቡ በብዙ ዓመት ልምምድ ብቻ የሚገኝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ገላ ግን ድፍን እንጨት በመሆኑ በጥንቃቄ የሚለካና በንጽሕና የሚቆርጥ ማንኛውም አናጺ ሊሠራው ይችላል። ከባዱ ሥራ ያለው በአንገቱ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተፈጥሮ ስጦታ ይልቅ ልኬትን የሚጠይቅ ነው።

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራበት ለሚችል ቦታ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በለቡና በጀሞ ሶፋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ እንጨት ቤቶች፣ የተጎዳ መኪና አቃንተው ቀለም የሚቀቡ ጋራዦች፣ ቴሌቪዥንና ማጉያ የሚጠግኑ ትንንሽ ሱቆች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚሰጠው የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ያለው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። አናጺው፣ ቀለም ቀቢውና ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ በተለመደው ቀን አንዱ የሌላውን ሥራ አይፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ግን የሦስቱንም እጅ የሚሻ ዕቃ ነው።

ከሬዲዮ ጥገና ሱቅ የወጣ መሣሪያ

ጊታሩ የተለያዩ ሙያዎችን እንደሚሻ የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ቢሻምና አዶልፍ ሪከንባከር በአሜሪካ የመጀመሪያውን በገበያ የተሳካ የኤሌክትሪክ ጊታር ለሽያጭ አቀረቡ። በ1950 ደግሞ በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር፣ ጊታር መጫወት የማያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ቴሌካስተር በመባል የሚታወቀውን ድፍን ገላ ያለው ጊታር ሠራ። የፌንደር ጠቃሚ ምርጫ አንገቱ ከገላው ጋር በኮላ ከመጣበቅ ይልቅ በአራት ብሎን እንዲታሰር ማድረጉ ነው። በዚህ መንገድ አንገትና ገላ ለየብቻ ሊሠሩ፣ የተበላሸው ተፈትቶ ሊተካ ስለሚችል ጀማሪ ሠሪ በአንዱ ክፍል ላይ ቢሳሳት ሌላውን አያጣም። በ1954 ስትራቶካስተር የተባለው ሞዴል ተከተለ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በጀማሪዎች ከሚሠሩት ጊታሮች ብዙዎቹ የእነዚህ የሁለቱ ቅጂዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ ከዘመናዊው ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ጋር የተቆራኘ ነው። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር በሠራው «ኧረ መላ መላ» ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ጉልህ ቦታ ያለው ሲሆን፣ የባንዱ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም ወልደማርያም በኋላም በሮሃ ባንድ ለብዙ ድምፃውያን ተጫውቷል። በለንደን በተመስገን ዘለቀ የተመሠረተው ክራር ኮሌክቲቭ ደግሞ ክራርን ከማጉያ ጋር አገናኝቶ የሮክ ባንድ ኃይል እንዲኖረው አድርጓል።

አንገቱና ፍሬቶቹ

ክራር ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ክር አለው፤ በማሲንቆ ላይ ደግሞ ጣት በአንዲቱ ክር ላይ ያለ ምንም ምልክት በጆሮ እየተመራ ይንቀሳቀሳል። ጊታር ከሁለቱም የሚለየው በአንገቱ ላይ በተተከሉት ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነው፤ ጣት ክሩን ከፍሬቱ በስተኋላ ሲጫነው የሚንቀጠቀጠው የክር ርዝመት ያጥርና ድምፁ ይቀጥናል። የፍሬቶቹን ቦታ የሚወስነው ተጫዋቹ ሳይሆን ሠሪው በመሆኑ፣ ሠሪው በመጋዝ የሳተው ሁሉ በተጫዋቹ ጆሮ ለዘለቄታው ይሰማል።

ስሌቱ ግን ቀላል ነው። ክሩ በአንገቱ ጫፍ ካለው ነት ከሚባለው ቁራጭ ተነሥቶ በገላው ላይ እስካለው ብሪጅ፣ ማለትም የክሩ ሌላ ጫፍ እስከሚያርፍበት ብረት ድረስ ያለው ርቀት የክር ልኬት ይባላል፤ በሁለቱ የፌንደር ሞዴሎች ይህ 648 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለ17.817 ሲካፈል የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ 36.4 ሚሊ ሜትር ርቆ እንደሚተከል ይታወቃል፤ የቀረው ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር ሲካፈል የሁለተኛው ቦታ ይገኛል፤ እንዲህ እየተደጋገመ 12ኛው ፍሬት ከልኬቱ እኩሌታ ላይ፣ ማለትም በ324 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። ጀማሪ ሠሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባው፣ እያንዳንዱን ፍሬት ከፊተኛው ፍሬት ሳይሆን ሁልጊዜ ከነቱ ተነሥቶ መለካት ነው፤ ካልሆነ ትንንሽ ስሕተቶች እየተደመሩ ይሄዳሉ። በ12ኛው ፍሬት ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ድምፁን በግማሽ ድምፅ አምስት መቶኛ ያህል ያዛባል፤ በ20ኛው ፍሬት ላይ ግን ያው ስሕተት ከስምንት መቶኛ በላይ ይደርሳል። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአናጺዎች ምክር እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ፍሬቶቹ አንዱን የድምፅ እርከን በ12 እኩል ክፍል ስለሚከፍሉ ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ያላቸው ግንኙነትም መጤን ያለበት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ሲሆን፣ በክራርና በማሲንቆ ላይ ተጫዋቹ ድምፁን በጆሮው እያለሰለሰ ከእኩል ክፍሉ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ጊታሪስት ይህንን ለማግኘት ክሩን በጣቱ ወደ ጎን እየገፋ ማጠፍ ስላለበት፣ ለሀገርኛ ዜማ የሚሠራ ጊታር ቀጠን ያለ ክርና በደንብ የተወለወለ ፍሬት ይስማማዋል።

አንገቱ ሌላም ሸክም አለበት። ስድስቱ የብረት ክሮች እንደ ውፍረታቸው ከ38 እስከ 47 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ይስቡታል፤ ይህም ወደ ግማሽ ኩንታል የሚጠጋ ነው። በመሆኑም በአንገቱ ውስጥ ተቦርቡሮ ትራስ ሮድ የሚባል በቁልፍ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ ይቀበራል፤ ዘንጉ የክሩን ስበት እየተቃወመ አንገቱን በሚፈለገው መጠን ያቃናል። ፍሬቶቹ ከተተከሉ በኋላ ቁመታቸው በጠፍጣፋ ሞረድ እኩል ይደረጋል፤ አንዱ ከጎረቤቱ ከፍ ካለ ክሩ እየነካው ይንዛዛል። በበገና ላይ እንዚራ የሚባሉት የቆዳ ቁራጮች ሆን ተብለው ከክሩ ሥር የሚገቡት ይህንኑ ንዝዛታ ለመፍጠር ነው፤ በበገና ውበት የሆነው ነገር በጊታር ላይ ጉድለት ነው። ነቱን ለመሥራት ደግሞ በደንብ ተቀቅሎ ከስቡ የጸዳ የበሬ አጥንት ተመራጭ ስለሆነ፣ ለቄራ ቅርብ በሆነ ሰፈር ይህ የሚያስቸግር ዕቃ አይደለም።

እንጨቱ

ለገላው የሚመረጠው እንጨት ቀላል፣ የደረቀና ለመላጊያ የማያስቸግር መሆን አለበት። ለቤት ዕቃና ለከበሮ ሥራ ሲያገለግል የኖረው ዋንዛ እነዚህን ባሕርያት ስለሚያሟላ ከ44 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው የጊታር ገላ ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ጥበቃ ተደርጎላቸው የነበሩ ዛፎች ናቸው፤ ስለዚህ ለጀማሪ የሚመከረው ምንጭ ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ ያረጀ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ነው። ይህ ከሕጋዊነቱ በላይ ሙያዊ ጥቅምም አለው፤ ለአሥርተ ዓመታት በቤት ውስጥ የቆየ ጣውላ ትርፍ እርጥበቱን ስለተወ አዲስ እንደተሰነጠቀ ጣውላ አይጣመምም። ለአንገቱ ፊት፣ ፍሬቶቹ ለሚተከሉበት ቁራጭ፣ ጠንካራውና ከባዱ ወይራ ይሆናል፤ ወይራ ግን ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለረጅም ጊዜ በጥላ ሥር መቆየት ይኖርበታል።

ሠሪው ቅርጹን በመጀመሪያ በቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ቆርጦ እንደ ሞዴል ያዘጋጃል፤ ከዚያ ሞዴሉን በጣውላው ላይ አስሮ ራውተር በሚባለው የእንጨት መቦርቦሪያ ማሽን ዙሪያውን ይከተላል። አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው፣ አንገቱ ያለ ብሎን በራሱ ጥብቀት እስኪይዝ ድረስ መጥበብ አለበት፤ እዚህ ላይ የሚታይ ክፍተት ክሮቹ ከአንገቱ ጠርዝ እንዲወጡ ያደርጋል።

ሽቦውና ማግኔቱ

የክሩን ንዝረት የሚይዘው ክፍል ፒክአፕ ይባላል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው በሽቦ ጥቅል አጠገብ መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የብረት ክር በማግኔት በላይ ሲንቀጠቀጥ የሚሆነው ይኸው ነው። በአንድ የተለመደ ፒክአፕ ላይ 0.06 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በቀጭን መከላከያ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ከ7,000 እስከ 8,000 ዙር ይጠመጠማል። ጥቅሉ ዙሮቹ እርስ በርስ እየተንቀጠቀጡ እንዳይጮኹ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል፤ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው የንብ ሰም ከፓራፊን ጋር ተቀላቅሎ ለዚህ ያገለግላል። የናይለን ክር የተገጠመለት ክራር ግን በማግኔት ስለማይያዝ ፒየዞ የሚባለውን፣ ንዝረትን በቀጥታ ከእንጨቱ የሚቀበል ዓይነት ይፈልጋል።

የቀረው ሥራ የድምፅ መጠንና ቃና ማስተካከያዎችን፣ ካፓሲተርና መውጫ ሶኬት በመበየጃ ማገናኘት ሲሆን፣ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚለዋወጥ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ይህንን እንደ ጉርምርምታ ይቀበለዋል፤ የሚቀንሰውም ፒክአፑ የሚገባበትን ጉድጓድ በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ለብጦ ከመሬት መስመር ጋር ማገናኘት፣ ወይም ሴት ላቨር በጊብሰን ኩባንያ በ1955 የሠራውን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠሩ ሁለት ጥቅሎች ያሉትን ዓይነት መጠቀም ነው። ማጉያው በትክክል መሬት ከተያዘለት ሶኬት መሰካቱ ከድምፅ ጥራትም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ተጫዋቹ የሚነካቸው ክሮች ከዚያው መስመር ጋር የተያያዙ ናቸውና።

ቀለሙ

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቸኩሉት በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ገላው ከ120 ቁጥር ጀምሮ እስከ 320 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ካልተፋቀ፣ በጥሬው እንጨት ላይ የማይታየው ጭረት ከቀለሙ በኋላ ይጎላል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የጋራዥ መንገድ ነው፤ ስቱኮ ተቀብቶ፣ በኮምፕሬሰር ቀለምና ገላጭ ቫርኒሽ ተረጭቶ፣ ለሳምንታት ከደረቀ በኋላ በውኃ እየራሰ ከ800 እስከ 2000 ቁጥር ባለው ወረቀት ይፋቅና በፖሊሽ ይወለወላል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት የመኪና ቫርኒሽ ሳንባን የሚጎዳ ተን ስላለው የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ግዴታ ነው፤ በክረምት ወራት ደግሞ በአየሩ ያለው እርጥበት በቫርኒሹ ውስጥ ተይዞ ነጭ ጉም ስለሚፈጥር ርጭቱ ከመስከረም በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው መንገድ ዘይትና ሰም ነው። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ የሚጠጥር በመሆኑ፣ በስስ ሽፋን ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ በሽፋን መካከል ለቀናት ከደረቀ በኋላ በንብ ሰም ሲወለወል የዋንዛን መልክ አጉልቶ ያወጣል፤ የኑግ ዘይት ግን በሚገባ ስለማይጠጥር ቦታውን አይተካም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ በደጅ እንዲደርቅ ማድረግ ይገባል።

ከየት መጀመር

ክሩ ከተወጠረ በኋላ አንገቱ በትራስ ሮድ ይቃናል፤ የክሩ ከፍታ በ12ኛው ፍሬት ላይ ከ1.6 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ክር በ12ኛው ፍሬት ተጭኖ የሚሰጠው ድምፅ ከልቅ ክሩ ድምፅ በትክክል እጥፍ እስኪሆን ድረስ በብሪጁ ላይ ያለው ማረፊያ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። ለጀማሪ የሚበጀው ቅደም ተከተል የመጀመሪያውን አንገት ተሠርቶ ከመጣ ጊታር መውሰድ፣ ገላውን፣ ሽቦውንና ቀለሙን ብቻ በእጅ መሥራት፣ አንገቱን ለሁለተኛው ሥራ ማቆየት ነው።

ከውጭ መምጣት ያለባቸው ዕቃዎች ሲቆጠሩ የፍሬት ሽቦ፣ ትራስ ሮድ፣ የክር ማጠንጠኛ ቁልፎች፣ ብሪጅ፣ ክርና የፒክአፕ ሽቦ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ትንሽ ሣጥን የሚገቡ ናቸው። እንጨቱ፣ አጥንቱ፣ ሰሙ፣ ዘይቱና ሙያው ግን በከተማው ውስጥ ይገኛሉ። በጊታር ላይ የተገኘው የፒክአፕ፣ የማገናኘትና የቀለም ዕውቀት ሳይለወጥ የብረት ክር ላለው የኤሌክትሪክ ክራር የሚያገለግል ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ክራር ፍሬት ስለሌለው ከሁለቱ የሚቀለው እሱ ነው፤ በመሆኑም ጊታርን አስተካክሎ የሠራ የእንጨት ቤት ለሀገር ውስጥ ባንዶች የሚሆን፣ ከማጉያ ጋር የሚስማማ ክራር ለማቅረብ አብዛኛውን መንገድ ጨርሷል።