ጾምና የስኳር በሽታ፦ ወላጆቻችንን ቀድመን እንጠይቅላቸው

ከሬሆቮት ነን፤ ቂርያት ሞሼ ያላችሁም ስሙን።

የአስተስርዮ ጾም፣ ዮም ኪፑር ማለት ነው፣ ያለ ምግብና ያለ ውኃ 25 ሰዓት ያህል ነው። ጤነኛ ሰው ሲጾም ጉበቱ ያጠራቀመውን ስኳር ይለቃል፤ ከዚያ ስብ ይቃጠላል። ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ የውኃ እጥረትና የቡና ሱስ ነው። ስለዚህ ቡናውን ከቀናት በፊት ቀነስ አድርጉ።

የሚያሰጋው ስኳር ላለባቸው ነው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ ክኒን ወስዶ ባዶ ሆድ መዋል ስኳሩን በጣም ያወርደዋል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ከመጣ ወዲያው ጣፋጭ መጠጥ ስጧቸው፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ሳታጠጡ 101 ደውሉ።

"ጾሜን አልፈታም" ካሉስ? ነፍስ ማዳን ጾምን እንደሚሽር ቄሱ ይንገሯቸው። እናንተ ደግሞ ከበዓሉ በፊት አብራችኋቸው ኩፓት ሖሊም ሂዱና አስተርጉሙላቸው፦ "መጾም ይችላሉ ወይ? መድኃኒቱስ እንዴት ይወሰድ?"