አሮጌ ቁም ሳጥን ቤት ውስጥ ፍቆ መቀባት፦ አቧራው ምን ይዟል?



የዛሬውን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ባለፈው ሳምንት ኢንቦክስ የገባ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ የሐይቅ ልጅ ናት፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር። ከውጫሌ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ መምህር በርካሽ የገዛችውን ቁም ሳጥን ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። ባለ ሦስት በር፣ ጠንካራ የዋንዛ ሥራ፣ ላዩ አረንጓዴ የዘይት ቀለም። ጠርዙ ላይ አረንጓዴው ተልጦ ከሥሩ ደማቅ ቢጫ ይታያል፣ ከቢጫው ሥር ደግሞ ቡናማ።

«ዶክተርዬ፣ ለሚመጣው ልጄ ልብስ ማስቀመጫ እንዲሆን ነጭ ልቀባው ነው። ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጌ ያረጀ አስመስለዋለሁ፣ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት። የቀለሙ ሽታ ፅንሱን ይጎዳዋል ወይ?»

ስለ ሽታው መጠየቋ ጥሩ ነው፣ እመለስበታለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሽታው ሳይሆን ያ ቢጫ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በኛ አካባቢ ያገለገለ ዕቃ መግዛት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ብልህነት ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች፣ ሐይቅም ሆነ ውጫሌ፣ የተዛወረ ሠራተኛ ከባድ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ከሚንገላታ ሸጦት ቢሄድ ይመርጣል። በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው ተዘርፎ ያገለገለ አልጋና ቁም ሳጥን እየገዙ ኑሯቸውን መልሰው የጀመሩ ሰዎችም አውቃለሁ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ካልን የድሮ ዋንዛ ውሃ ሲነካው ከሚያብጠው የዛሬው ኤምዲኤፍ ይበልጣል። ስለዚህ አትግዙ አልላችሁም። ቀለሙን እንዴት እንደምትነኩት ነው የማወራው።

ችግሩ እርሳስ ነው። እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለቴ አይደለም። የሁለቱ ስም አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይምታታበታል፤ መጻፊያው እርሳስ ውስጡ ካርቦን እንጂ ከባዱ ብረት የለበትም። እኔ የምለው ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት ነው። የቀለም ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን የዘይት ቀለም ውስጥ ሲጨምሩት ኖረዋል፤ ቀለሙን ያደምቃል፣ ቶሎ እንዲደርቅ ያደርጋል፣ ዝገት ይከላከላል። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ከቢጫ የተቀመመ አረንጓዴ፣ የብረት በርና አልጋ ላይ መጀመሪያ የሚቀባው ቀይ ፀረ ዝገት፣ እነዚህ በብዛት የሚጠረጠሩት ናቸው።

አሜሪካ ለቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ወደኛ ስንመጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ከተመረመሩት ዘጠኝ አገሮች ገበያ አንዱ የኢትዮጵያ ነበር፣ ከፍተኛ እርሳስ ያለባቸው ቀለሞችም ተገኝተውበታል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አወጣና ጣሪያው 90 ፒፒኤም ሆነ። ይህ ማለት በአንድ ኪሎ የደረቀ ቀለም ውስጥ እርሳሱ ከ90 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ግን ደንቡ ሰው ቤት ገብቶ የድሮ ቁም ሳጥን ላይ ያለውን ቀለም አያነሳም። የመምህሩ ቁም ሳጥን ላይ ያለው ቢጫ መቼ እንደተቀባ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። እርሳስ ያለበት ቀለም ሳይላጥ፣ ሳይሰነጠቅ፣ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ እስካለ ድረስ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሲፈገፈግ ነው። «ያረጀ ማስመሰል» የሚባለው ፋሽን ደግሞ ምን ያደርጋል? አዲሱን ቀለም ከቀባችሁ በኋላ ጠርዙን ፍቃችሁ ከሥር ያለውን የድሮ ቀለም ታወጣላችሁ። ማለትም መሸፈን የነበረበትን ክፉውን ንብርብር፣ ልጅ ይዞ የሚቆምበትና በድዱ የሚያኝክበት ጠርዝ ላይ ታጋልጡታላችሁ። ቪዲዮው የተቀረፀበት አገር ያለው ሰውዬ የሚፍቀውን ያውቅ ይሆናል፣ እኛ ግን አናውቅም።

መጠኑን በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ቀለም ውስጥ አንድ ፐርሰንት እርሳስ አለ እንበል። ከዚያ ቀለም አንድ ግራም፣ ማለትም የጣት ቁንጥር የምታህል ብናኝ፣ 10 ሺህ ማይክሮግራም እርሳስ ትይዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሰው ደም ውስጥ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ ይቁም ይላል። ከዚያ በታችም ቢሆን ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘም። ብናኙ ሁሉ ደም ውስጥ ይገባል ማለቴ አይደለም፤ ግን ወለል ላይ ለሚድህ፣ እጁን ቶሎ ቶሎ አፉ ውስጥ ለሚከት ልጅ ስንት እንደሚበቃ አስቡት። በዚያ ላይ ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው። የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ሰውነታችን እርሳስንና ካልሲየምን በደንብ አይለይም። ስለዚህ እርሳሱ ካልሲየም በሚሄድበት መንገድ ይሄዳል፤ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ውስጥ ይገባል፣ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ደም መሥራትንም ያውካል። ምልክቱ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ልጁ ይቅበጠበጣል፣ ትምህርት አይገባውም፣ ፊቱ ገርጣ ይላል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ይደርቅበታል። እናት «ወስፋት ነው» ትላለች፣ እኛም የወስፋት መድኃኒት ሰጥተን እንሸኛለን። መጠኑ በጣም ሲበዛ ነው መንቀጥቀጥና ራስን መሳት የሚመጣው። አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት ደግሞ የሚመለስ አይደለም።

ለነፍሰ ጡር ለምን ለየት ይላል? እርሳስ አጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ካልሲየም ከአጥንት ሲወጣ እርሳሱም አብሮ ይወጣል፣ በእንግዴ ልጅ በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ውርጃን፣ ያለ ጊዜ መውለድንና ዝቅተኛ ክብደትን ያመጣል።

አሁን ላፍር። እኔም አድርጌዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ እረፍት ላይ ቤተሰብ ጋ መጥቼ የእናቴን አሮጌ ቡፌ አድሳለሁ ብዬ ሳሎን መሃል ሁለት ቀን ሙሉ ፈገፈግኩት። አፌን በነጠላ ሸፍኜ። የእህቴ ልጅ እዚያው እየዳኸ ነበር። እናቴ «ተው ልጄ፣ አቧራው ለሕፃኑ አይሆንም» ስትለኝ «አቧራ ምን ያደርገዋል» አልኳት። ስለ እርሳስ መርዝ ተምሬ፣ ፈተናም ላይ መልሼ ነበር እኮ! ግን ለእኔ የመጽሐፍ በሽታ ነበር፣ የእናቴ ቡፌ ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፣ ትምህርት ቤት ገብቷል። ምን ያህል እንደዋጠ ግን መቼም አላውቅም።

እና ምን ይደረግ?

ቀለሙ እርሳስ ይኑረው አይኑረው በዓይን አይለይም፣ በሽታም አይለይም። ስለዚህ ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ የዘይት ቀለም ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ቁጠሩት። ቀለሙ ካልተላጠ አትፋቁት። በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከላዩ ቀቡት፣ በቃ። ጥቂት ቦታ ብቻ ተልጦ ከሆነና የግድ ማለስለስ ካለባችሁ በደረቁ አትፈግፍጉ። ብርጭቆ ወረቀቱንም እንጨቱንም በውሃ እያረጠባችሁ በእጅ ቀስ ብላችሁ፣ ብናኝ እንዳይነሳ። የኤሌክትሪክ መፈግፈጊያና ግራይንደር አይታሰብም። በእሳት አቃጥሎ ቀለም ማንሳትም እንዲሁ፣ ያኔ እርሳሱ ጭስ ሆኖ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፣ ከሥር ሰፊ ላስቲክ ተነጥፎ። ግን ግቢው ውስጥ የትም አይደለም። ስጥ ከሚሰጣበት፣ ጎመን ከተተከለበት፣ ዶሮ ከሚጭርበት ራቅ በሉ፤ ዶሮ ከአፈር የለቀመችው እርሳስ እንቁላሏ ውስጥ ይገባል። ከሐይቁ በኩል ንፋስ በሚነሳበት ሰዓትም አትጀምሩ። ነጠላና ተራ የቀዶ ጥገና ማስክ ይህን ብናኝ በደንብ አያስቀርም፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ኤን 95 ያስፈልጋል። ሲያልቅ በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ አቧራውን ትበትኑታላችሁ። በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፣ ላስቲኩን ወደ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስወግዱ። የሠራችሁበትን ልብስ ለብቻ እጠቡ፣ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት ታጠቡ። አናጢና ቀለም ቀቢ የሆናችሁ ተከታታዮቼ፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው፤ ብናኙ በልብሳችሁ ቤት ድረስ ይከተላችኋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። የተረፈውን ቀለም የነካው ቁራጭ እንጨት ለእንጀራ መጋገሪያ እንዳታነዱት። «እንጨት ነው፣ ለምን ይጣላል» ይባላል፣ አውቃለሁ። ግን ጭሱም አመዱም መርዝ ነው፣ ምድጃው ዳር ደግሞ የምትቀመጠው እናት ናት፣ ብዙ ጊዜ ልጅ አዝላ።

«እኔ ግን ያ ያረጀ መልክ ነው የምወደው» ለምትሉ መፍትሔ አለ፣ እንዲያውም ቀላል ነው። የድሮውን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ቀለም ሸፍኑት፣ ለምሳሌ በቡናማ። ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ሻማ እሹበት። ከዚያ በላዩ ነጩን ቀቡ። ነጩ ሻማው ባለበት ቦታ በደንብ ስለማይጣበቅ ሲደርቅ በእርጥብ ሻካራ ጨርቅ ብታሹት ይለቅና ከሥር ቡናማው ብቅ ይላል። ያረጀ ይመስላል፣ የወጣው ግን ትናንት የገዛችሁት አዲስ ቀለም ነው። ለሁለቱም ንብርብር በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ተጠቀሙ፤ ቆርቆሮው ላይ ያለውንም አንብቡ፣ እርሳስ የለውም የሚል ምረጡ። ታች ያለው አሮጌ ቀለም እንዳይነካ ግን ቀስ በሉ።

ወደ ሽታው ልመለስ። የዘይት ቀለምና ቲነር ሽታ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ሌላ ሰው ይቀባ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሽታው እስኪጠፋ ዕቃው መኝታ ቤት አይግባ። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ከሰል አጠገቡ ማቀጣጠል ደግሞ ቤት ማቃጠል ነው።

የቲነር ነገር ከተነሳ፣ እባካችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ አትግዙ፣ አታስቀምጡም። ውሃ የሚመስል ነገር የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ካለ ልጅ ይጠጣዋል። ተረኛ ሆኜ ላምባና ቲነር ጠጥተው የመጡ ልጆች አይቻለሁ፣ አብዛኞቹን ቤት ውስጥ ወተት አጠጥተው ወይ ጣት ከተው አስመልሰዋቸው ነበር የመጡት። ሁለቱንም አታድርጉ። የሚገድለው ሆድ ውስጥ የገባው ሳይሆን ሲያስመልስ ወደ ሳንባ የሚገባው ነው። የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ልጁ ደህና ቢመስልም፣ ሳልና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ በፊት ፈግፍጋችሁ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ አጽዱ፣ የልጆቹን እጅና መጫወቻ እጠቡ። ልጁ ከገረጣ፣ ሆዱን ካመመው ወይም ከበፊቱ ከተለወጠ ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ቤት ውስጥ አሮጌ ቀለም ፍቀን ነበር» በሉ። ይህን ካልነገራችሁን እኛም ላናስበው እንችላለን። በደም ውስጥ ያለ እርሳስ መለካት በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ምርመራ ስላልሆነ ታሪኩን መስማት ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ወተት፣ እርሳሱ የሚገባበትን መጠን ይቀንሳል፤ የገባውን ግን አያወጣም።

ለጠያቂዋ የመለስኩላት ይህንኑ ነው። ባሏ ጓሮ አውጥቶ አጥቦ፣ ሳይፍቅ ሊቀባው ተስማምተዋል። እሷ እስኪያልቅ እናቷ ቤት ትቆያለች። ጠርዙ ላይ ያ ቢጫ የተላጠበትን ቦታ በውሃ እያረጠበ ብቻ አለስልሶ በስቱኮ ይደፍነዋል። ትናንት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ላከች፦ የመኝታ ቤቱ የብረት መስኮትስ? ፎቶውን አየሁት። ከነጩ ሥር ቀይ ፀረ ዝገት፣ ደፉ ላይ ተቀርፎ የረገፈ ቅርፊት፣ ከሥሩ የሕፃኑ አልጋ የሚቀመጥበት ቦታ። አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዙሩት፣ ቅርፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ልቀሙት፣ መስኮቱን ልጁ ሳይወለድ ቀቡት አልኳት።