ደም ብዛትና የወቅቶች መፈራረቅ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን። ውድ አድማጮቻችን፣ እናታችን ወይም አባታችን የደም ብዛት መድኃኒት ሳያቋርጡ እየወሰዱ፣ በሚያዝያ ጥሩ የነበረው ልኬት በሐምሌ ወይም በታኅሣሥ ለምን ከፍ ይላል? ዛሬ ስለዚህ እንነጋገራለን።

ኮዬ ፈጬ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ያሉ ደጋማ ቦታዎች ናቸው። ብርዳቸውም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የክረምቱ ዝናብ፣ ሌላው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ውርጭ። ሰውነት ሲበርደው ሙቀቱን ላለማጣት ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያጠባል። ልብም በጠበበው ቧንቧ ደም ለመግፋት ስትታገል ግፊቱ ይጨምራል። በሙቀት ጊዜ ደግሞ ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ውኃና ጨው በላብ ይወጣል፤ ግፊቱም ይቀንሳል።

የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበር ባለሙያዎች በ2020 (እ.ኤ.አ.) እንዳስታወቁት፣ በሞቃቱ ወቅት የላይኛው ቁጥር በአማካይ 5፣ የታችኛው 3 ያህል ዝቅ ይላል። ጥናቶቹ በብዛት የተደረጉት ክረምትና በጋቸው እጅግ በሚራራቅ አገሮች ስለሆነ፣ በእኛ ዘንድ ልዩነቱ ሊያንስ ይችላል። ይሁንና አማካይ ነውና ከሰው ሰው ይለያያል።

ከዚህ የተነሳ ሁለት ስህተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው በሙቀቱ ወራት ቁጥሩ ሲወርድ «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን መተው ነው። ብርዱ ሲመለስ ግፊቱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይወጣና ለስትሮክ ያጋልጣል። ሁለተኛው ቁጥሩ ሲጨምር በራስ ፈቃድ ኪኒን መደረብ ወይም ከጎረቤት መዋስ ነው። መጠኑን የሚለውጠው ሐኪም ብቻ ነው።

ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዙ፣ ወይም ወደ አፋርና ድሬዳዋ የሚወርዱ ሰዎችም ልብ ይበሉ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ደርሶ፣ ከ1300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በተለይ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው እዚያ ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ከሱጁድ ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ረመዷንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል። ዘንድሮ የተስማማን የመድኃኒት ሰዓት ከዓመታት በኋላ ላይስማማ ይችላል። ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር የሚሄደውን ሰዓት በየዓመቱ ከሐኪም ጋር መወሰን ይገባል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷልና፣ ሐኪም የከለከለው ሰው በዚህ እዝነት መጠቀም እንጂ ራሱን መጉዳት የለበትም።

በቤታችን ምን እናድርግ? ለሱብሂ ውዱእ ውኃውን ለብ እናድርግላቸው፤ እጅን በጣም በቀዘቀዘ ውኃ መንከር ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋልና። ለብ ባለ ውኃ ውዱእ ማድረግ የሚነቀፍ አይደለም። ጋቢና ካልሲ አይለዩአቸው። ነገር ግን ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት መተኛት ገዳይ ነው።

ጨውም ይቀነስ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን በተደረገ ጥናት አንድ ሰው በአማካይ በቀን 8 ግራም ያህል ጨው ይመገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ቡናን በጨው የምንጠጣ ቤተሰቦች ይህን እንቁጠረው።

ስንለካ ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት እንቆይ፤ 5 ደቂቃ አርፈን፣ ጀርባችንን ተደግፈን፣ ሳንናገር እንለካ። ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር እንጻፍ፤ ወቅቱ ሲቀየር ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ደብተር ነው። ቁጥሩ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም ካለ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም አንድ ወገን ከዛለ፣ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይኬድ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል። ሰበቡን እናድርስ፤ ሺፋው ከአላህ ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን።